የልጆችን መጽሐፍ ማን ይዳኝ?

ባለፈው የትምህርት ዓመት በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ለዕጩ መምህራን ሁለት የልጆች ታሪኮች ሰጥቼ፣ «የትኛው ይሻላል? ለምንስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አንዱን ታሪክ መረጡ፤ ምክንያታቸውም «ጥሩ ምክር ስለሚሰጥ» የሚል ነበር። በማግሥቱ ሁለቱንም ታሪኮች በአቅራቢያችን ላሉ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች አነበብንላቸው። ተማሪዎቹ ምክር ያለበትን ታሪክ በጸጥታ ሰምተው ጨረሱት። የሁለተኛውን ታሪክ ንባብ ግን ደወል ስላቋረጠው፣ «መጨረሻው ምን ሆነ?» እያሉ እስከ በሩ ድረስ ተከተሉን።

እንግዲህ የልጆችን መጽሐፍ መልካምነት የሚዳኘው ማን ነው? በምንስ መለኪያ? ይህን ጥያቄ ለመመርመር፣ በአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ያቋቋሙት ሲቢልስ የተባለ የመጽሐፍ ሽልማት ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። አስቀድሞ ግን ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሁለት መንገዶች ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የባለሙያዎች መንገድ ነው። በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት ከሚሰጡት ሽልማቶች በዝና የላቀው ኒውቤሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ በአገሪቱ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሥር ባለ ኮሚቴ አማካይነት ይሰጣል። ደንቡ ሽልማቱ ለምክር ሰጪነትም ሆነ ለተወዳጅነት እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል፤ የሚመዘነው የሥነ ጽሑፍ ብቃት ነው። ይህ ጥብቅነት ክብር አስገኝቶለታል፤ ዳሩ ግን «ተሸላሚዎቹን መጻሕፍት ልጆች አይወዷቸውም» የሚል ወቀሳ አስከትሎበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 አኒታ ሲልቪ የተባሉት የልጆች መጻሕፍት ዐዋቂ፣ ኒውቤሪ መንገዱን ስቶ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጽሑፍ አውጥተው ብዙ ክርክር አስነሥተዋል።

ሁለተኛው የልጆቹ የራሳቸው ድምፅ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው የልጆች መጽሐፍ ሽልማት አሸናፊውን የሚያስመርጠው በልጆች ነው። ይህ መንገድ ለአንባቢው ተገቢውን ሥልጣን ይሰጣል። ነገር ግን ልጅም እንደ ዐዋቂ ስሙን አስቀድሞ የሚያውቀውን ደራሲ ሊመርጥ ይችላል፤ ዛሬ ደስ ያሰኘው መጽሐፍም ሁሉ ውሎ አድሮ አብሮት የሚኖር አይደለም።

ሲቢልስ የቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኬሊ ሄሮልድ እና አን ቦልስ ሌቪ ሲመሠርቱት፣ አብረዋቸው የተሰለፉት በኢንተርኔት በየግል ገጻቸው ስለ ልጆችና ስለ ወጣቶች መጻሕፍት የሚጽፉ ጦማርያን ነበሩ። ደመወዝ የሚከፈለው ዳኛ አልነበረም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በጥቅምት ወር መጀመሪያ ማንኛውም አንባቢ በየዘርፉ አንዳንድ መጽሐፍ ይጠቁማል። አንደኛው የዳኞች ቡድን የተጠቆሙትን እያነበበ ጥቂቶቹን ያጣራና በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት ያስታውቃል። ከዚያም ሌላ ቡድን ከእነዚያ መካከል አሸናፊውን ይመርጣል፤ ውጤቱም በየካቲት አጋማሽ ይነገራል። መለኪያዎቹ ሁለት ናቸው፦ የሥነ ጽሑፍ ብቃትና ልጆችን የመሳብ ኃይል። አንዱን አሟልቶ ሌላውን ያጎደለ መጽሐፍ አያሸንፍም።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚደነቀው ይኸው ሁለቱን መለኪያዎች አለመነጣጠሉ ነው። ጥቆማውም ቢሆን የድምፅ ቆጠራ አይደለም፤ አንድ መጽሐፍ ለመነበብ የአንድ ሰው ጥቆማ ይበቃዋል። በዚህም የተነሣ ብዙ ወዳጅ የሌለው ደራሲ እንኳ ዕድል ያገኛል።

ከመጀመሪያው ዙር አሸናፊዎች አንዱ የሎራ ኤሚ ሽሊትዝ ልብ ወለድ ነበር። ደራሲዋ በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። ታሪኩ ስለ አንዲት ወላጅ አልባ ልጅ ነው። ሦስት እኅትማማች ሴቶች ወደ ቤታቸው ይወስዷታል፤ ነገር ግን የሚፈልጓት፣ ልጇ የሞተባትን እናት «መንፈስ እንጠራለን» ብለው ሲያታልሉ ተባባሪ እንድትሆናቸው ነው። ልጅቱ ደግሞ መወደድን እጅግ ትሻለች። ደራሲዋ «ማታለል ክፉ ነው» ብለው አይሰብኩም፤ አንባቢው ከልጅቱ ጋር እየተጨነቀ ወደዚያ ይደርሳል። ምክሩ ከታሪኩ ውስጥ የበቀለ ነውና አይጎረብጥም። እኚሁ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2008 በሌላ ሥራቸው ኒውቤሪን ተሸልመዋል። አንድ ምሳሌ ሕግ ባይሆንም፣ ብቃትና ተወዳጅነት ጠላቶች እንዳልሆኑ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ሲቢልስ ከነቀፋ አያመልጥም። «ልጆችን ይስባል» ብለው የሚፈርዱት ልጆች ሳይሆኑ ዐዋቂዎች ናቸው። ከዳኞቹ መካከል መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ወላጆችም ይገኛሉ፤ መጻሕፍቱን ለልጆች ሰጥተው የሚመለከቱም አይጠፉም። ነገር ግን ዐዋቂ ስለ ልጅ የሚገምተው ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ በልጅነቱ የወደደውን ነው። የእኔ ዕጩ መምህራን የተሳሳቱት ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን ሳይጠይቁ በመገመታቸው ነበር። መለኪያው ትክክል ሆኖ ሳለ የሚለካበት እጅ ሩቅ ከሆነ፣ ፍርዱ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን? ሽልማት ለማቋቋም ገንዘብ የግድ አለመሆኑን አንድ እንበል። የሚያነቡ ጥቂት መምህራን፣ ግልጽ መለኪያና ቁርጥ ያለ ቀን ከተገኙ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥም ሊጀመር ይችላል። ሁለተኛው ትምህርት ግን ይበልጣል። መምህራኑ በብቃታቸው ያጣሯቸውን አምስት መጻሕፍት ለተማሪዎች ሰጥተው፣ የመጨረሻውን ፍርድ ለእነርሱ ይተዉላቸው። ተማሪውም «ወደድሁት» ብሎ ብቻ አይለፍ፤ የት ላይ እንደ ሰለቸው፣ የት ላይ መጽሐፉን መዝጋት እንዳቃተው ገጹን ጠቅሶ ይጻፍ። ይህ ለመምህሩ መረጃ፣ ለተማሪው ደግሞ የመጀመሪያ የሂስ ትምህርቱ ነው።

እናንተ ተማሪዎችም፣ መምህራችሁ ያመሰገነው መጽሐፍ ከሰለቻችሁ ምክንያታችሁን በአክብሮት ተናገሩ። ዝም ብላችሁ ከጨረሳችሁት እኛ እንደ ወደዳችሁት እንቈጥረዋለን፤ ለሚመጣውም ዓመት ያንኑ ዓይነት መጽሐፍ እንመርጥላችኋለን።