የብረቱ ቆብና የደጋው አንባቢ

ለወጣቶች የሚጻፍ ልብ ወለድ ከቁም ነገር ድርሰቶች ተርታ አለመቈጠሩ የቆየ ልማድ ነው። ከሌላ ዓለም ስለመጡ ወራሪዎች የሚተርክ ሲሆን ደግሞ የልጆች ጨዋታ ተብሎ ይታለፋል። እንግሊዛዊው ደራሲ ጆን ክሪስቶፈር እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመው «ነጮቹ ተራሮች» ግን በዋዛ የሚታለፍ ሥራ አይደለም።

በታሪኩ ውስጥ ባዕዳን ገዥዎች ሦስት እግር ባላቸው ግዙፍ ማሽኖች እየተዘዋወሩ ምድርን ይገዛሉ። ልጆች 14 ዓመት ሲሞላቸው በራስ ቅላቸው ላይ የብረት መረብ ይተከልባቸዋል፤ ዕለቱም በድግስ ይከበራል። ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከዊል ጋር ይጠይቅና ይጠራጠር የነበረው ወዳጁ ጃክ፣ ከሥርዓቱ በኋላ ረክቶና ጸጥ ብሎ ይመለሳል። የድርሰቱ ታላቅ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወራሪው የሚገዛው በደስታ ነውና።

ለዚህ መረብ በአማርኛ «ቆብ» ከማለት የተሻለ ቃል አይገኝም። በደጋው ገዳማት ቆብ የሚደፋው ዓለምን በፈቃዱ የተወ ሰው ነው፤ በልብ ወለዱ ግን ፈቃዱ ገና ሳይበስል በልጁ ራስ ላይ ይጫናል።

ወረራ ለእኛ አካባቢ አንባቢ የምናብ ነገር ብቻ አይደለም። ከመካነ ሰላም በሰሜን ምሥራቅ፣ ከአማራ ሳይንት ባሻገር የመቅደላ አምባ ይገኛል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ሲይዝ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ እንግሊዝ ቤተ መዘክር ተወሰዱ፤ ገና የ7 ዓመት ሕፃን የነበረው ልዑል ዓለማየሁም ባሕር ተሻግሮ በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ። በተከታዩ መጽሐፍ፣ ዊል የወደዳት ኤሎዊዝ አስከሬኗ ሳይፈርስ ለገዥዎቹ የውበት መታያ ሆኖ ይገኛል። ለመቅደላ ጎረቤት ከገጾቹ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሰውንና የሰውን ሥራ ከሥሩ ነቅሎ ለዕይታ ማኖር ከሌላ ዓለም የመጣ ጠባይ አለመሆኑን ያውቃልና።

የድርሰቱ ጉድለት ለገጠሩ ሰው ባለው አመለካከት ላይ ይታያል። ገዥዎቹ የሰውን ልጅ ከፋብሪካ ወደ ፈረስና ወደ ሻማ መልሰውታል፤ በዚህም የገጠር ኑሮ ራሱ የሽንፈት ምልክት ይመስላል። አራሹ ሁሉ ሲያንቀላፋ ነጻነትን የሚያስቡት ጥቂት ልጆችና በተራራ የተሸሸጉ ሰዎች ናቸው። በቦረና ደጋ ገብስ የሚዘራ ገበሬ ግን በሬ ስለ ጠመደ አእምሮው አልታሰረም። የተሻለ መሣሪያ ይሻል፤ መሣሪያው ቢዘገይበትም መጠየቁን አልተወም። ደራሲው ይህን ሰው አላወቀውም።

የመጨረሻው ቅጽ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው «የእሳት ኩሬ»፣ ይህን ጉድለት በከፊል ይክሳል። ጠላት ከተደመሰሰ በኋላ የሕዝቦች መልእክተኞች ተሰብስበው ሳይስማሙ ይለያያሉ። ደራሲው ወጣቱን አንባቢ በድል ጭብጨባ አለማሰናበቱ ያስመሰግነዋል። ቆቡ ከራስ ላይ ቢወርድም አንድነት በራሱ ጊዜ አይመጣም።

መጽሐፉ በአማርኛ ሊነበብ የሚገባው ነው። ለተማሪዎቹ የሚያነብ መምህርም «ቆቡን ማን ጫነብን?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «እየደገስን የተቀበልነው የትኛውን ነው?» ብሎ ቢያወያያቸው፣ ከማንኛውም ማብራሪያ የበለጠ ትምህርት ይሰጣቸዋል።