የኅዳር ጢስና የዕድር መዝገብ

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ በአዲስ አበባ ሠፈሮች የሚነሣው ጢስ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲን ሊያሳስበው ይገባል ብል አንዳንድ አንባብያን ይደነቁ ይሆናል። በዓለም የእስፓኝ ጉንፋን፣ በእኛ ዘንድ ደግሞ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. ከተማይቱን ከመታ መቶ ዓመት አልፎታል። ሕዝቡ ግን ዛሬም በየዓመቱ በሚካኤል ዕለት ጥራጊውን አከማችቶ በማቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» እያለ ያስበዋል። ጢሱ አየር ይበክላል የሚሉ ወገኖች ክርክር የራሱ ቦታ አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጢሱ መከራ እንደነበረ ይመሰክራል፤ ማን ማንን እንዳስታመመ፣ ቤተ ሰቡ በሙሉ በተኛበት ቤት ውኃ ማን እንደቀዳ፣ መቃብሩን ማን እንደቆፈረ ግን አይነግረንም።

የጽሑፍ ምስክር ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው የሟቹን ብዛት በ10 ሺህ ደረጃ ገምተው፣ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት እርሳቸውም በጽኑ ታመው እንደዳኑ ይገልጻሉ፤ ነገሩ በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ይዘጋና ትረካው ወደ መንግሥት ሥራ ይመለሳል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1975 በዚሁ በሽታ ላይ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል። ብላታ መርስኤ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የዘመኑን ታሪክ «ካየሁትና ከሰማሁት» ብለው መጻፋቸው ለከያኒ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ያየነውን ካየነው፣ የሰማነውን ከሰማነው ሳንቀላቅል ማስፈር የጥሩ ምስክር የመጀመሪያ ግዴታ ነውና። ይሁን እንጂ እነዚህን ሁሉ ደምረን የአንድ ተራ ሠፈር የአንድ ሳምንት ኑሮ በመድረክ ላይ እናቁም ብንል እጃችን ባዶ ነው።

አሁን ጥያቄው ስለ 2012 ዓ.ም. ምን እናስቀምጣለን የሚለው ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ፣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ፣ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከዚያ ወዲያ በየዕለቱ በ24 ሰዓት ውስጥ የተመረመረው ሰው ብዛት፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የጉዞ ታሪክ ሲዘረዘር ሰነበተ። መግለጫው የጤና ሥራ ሰነድ ነው፤ ሰውን በቁጥር ማስፈሩ የሚያስወቅሰው አይደለም። የሚያስወቅሰው የኪነ ጥበባችን አካሄድ ነው። የወቅቱን ዘፈኖች፣ አጫጭር ድራማዎችና የግድግዳ ሥዕሎች ስንመረምር ቋንቋቸው ከሞላ ጎደል በትእዛዝ አንቀጽ የተሠራ ነው፦ ታጠብ፣ ራቅ፣ ሸፍን፣ ቤትህ ተቀመጥ። ያን ጊዜ ትእዛዙ ያስፈልግ ነበር፤ ሰው አድኗል ብዬም አምናለሁ። ነገር ግን አደጋው ካለፈ በኋላም ኃላፊው አንቀጽ፣ ማለትም «ታጠበ፣ ራቀ፣ አልቻለም» የሚለው፣ ሳይጻፍ መቅረቱ ከባድ ጉድለት ነው። «ቤትህ ተቀመጥ» የተባለው ሰው ምን ዓይነት ቤት ነበረው? የውኃ ቧንቧውንና መጸዳጃውን ከብዙ ጎረቤት ጋር የሚጋራ፣ ከጧት እስከ ማታ ካልሠራ ማታ የሚበላው የሌለው የቀን ሠራተኛስ? በተመለከትኋቸው ድራማዎች የጉልት ነጋዴዋ አብዛኛውን ጊዜ የምትታየው ምክር የማይገባት ማሣቂያ ሆና ነው። እርሷ ግን ትእዛዙ በሚገባ ገብቷት፣ ልጆቿንና በሽታውን እየመዘነች ወደ ጉልቷ የወጣች ሰው ነበረች። ደራሲው ያልፈተሸው እውነተኛው ግጭት ይህ ነበር።

ከቁጥር ወደ ኑሮ የሚወስደውን መንገድ ያሳየ አንድ የቆየ ሥራ ልጥቀስ። ዳንኤል ዴፎ እ.ኤ.አ. በ1665 ለንደንን ስለፈጀው ቸነፈር የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1722 ነው። ቸነፈሩ ሲገባ ገና ሕፃን ስለነበረ ሥራው የዓይን ምስክርነት ሳይሆን በሰነድና በትዝታ ላይ የታነጸ ልብ ወለድ ነው። ተራኪው ኮርቻ ነጋዴ በየሳምንቱ የሚታተመውን የሟቾች ዝርዝር ይጠቅሳል፣ ዝርዝሩን ይጠራጠራል፣ ከዚያም ገበያ ይወርዳል። በገበያው ገዢው ሥጋውን ራሱ ከሜንጦው ላይ ያወርዳል፤ ሥጋ ሻጩም ገንዘቡን በእጁ አይነካም፤ ሆምጣጤ በሞላበት ማሰሮ ውስጥ ያስጥለዋል። ከዝርዝሩ ሁሉ ይልቅ የዚያን ዘመን ፍርሃት በዓይናችን የሚያቆመው ያ ማሰሮ ነው።

የእኛም ማሰሮዎች ብዙ ነበሩ። በየሱቁና በየባንኩ ደጃፍ የቆመው ባለ ቧንቧ ጄሪካን፣ ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ የሚያስከፍለው ታክሲ፣ ብሩን በሁለት ጣቱ ጫፍ የሚቀበለው ረዳት፣ ብዙዎች በየቤታቸው በቴሌቪዥን ያስቀደሱት የሚያዝያ 11 ፋሲካ፣ መስጊድ ተዘግቶ የተጾመው ረመዳን ሁሉ ለከያኒ የቀረቡ ነበሩ።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያስቆጨኝ የዕድሩ ነገር ነው። ዕድር ቀሪን የሚቀጣ ማኅበር ነው፤ በደንቡ መሠረት ከቀብር የቀረ መቀጫ ይከፍላል። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ሰው እንዳይሰበሰብ ከለከለ። እንግዲህ ቀሪን የሚቀጣው ማኅበር መቅረትን ግዴታ ሊያደርግ ነው። ማለዳ ሠፈሩን የሚቀሰቅሰው ጡሩምባ ነፊ የሚጠራው ለምንድን ነው? ድንኳን ሳይተከል፣ ንፍሮ ሳይቀርብ፣ ኀዘንተኛዋን አንገቷን ሳያቅፉ ከአጥር በር ላይ ቆሞ «እግዜር ያጥናሽ» ማለት በሰሚዋ ጆሮ እንዴት ገባ? አንድ የተውኔት ደራሲ ከዚህ የበለጠ ግጭት ቢፈጥር አይሆንለትም፤ ሕይወት ራሷ ሠርታ አቅርባለት ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ሌላ ኀዘን ስላመጣ የወረርሽኙ ወሬ ከአፋችን ወረደ፤ በመንግሥት መዝገብ የሰፈሩት ከ7 ሺህ 500 የሚበልጡ ሟቾችም በየቤታቸው ቀሩ።

ነገር ግን ከ1911ዱ በተለየ ሰነዱ ገና በእጃችን ነው። የየዕድሩ ጸሐፊ የጥሪ መዝገብና የገንዘብ ያዡ ደብተር በየሣጥኑ ተቀምጠዋል። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ዕድር ዳኞችና ወደ ጡሩምባ ነፊዎች ልከው ያዩትንና የሰሙትን ለይተው እንዲያስጽፉ፣ በየወረዳው ያሉ የባህል ባለሙያዎችም ደብተሮቹ ከመጣላቸው በፊት፣ የሟቾችን ስም ለአደባባይ ሳያወጡ፣ እንዲገለብጧቸው አጥብቄ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን ገልባጭ አንድ ነገር እንዲመለከትልኝ አደራ እላለሁ። ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ ባሉት ገጾች፣ ከቀብር ለቀሩት አባላት በተሠመረው ዓምድ ጸሐፊው ምን አሰፈረ? «ቀሪ» ብሎ ጽፎ ይሆን፣ «ተፈቅዶለት» ብሎ፣ ወይስ ዓምዱን እንዳለ ባዶውን ትቶት?