ሦስት አርሺን ለማን ይበቃል?

ሊዮ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳተመው «ለሰው ምን ያህል መሬት ያስፈልገዋል?» የተሰኘው አጭር ታሪክ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው። አንደኛው ታሪኩን እንደ ስብከት ተቀብሎ፣ ስግብግብነት ለሞት ያበቃል፣ ባለህ ተመስገን ብለህ ኑር የሚለውን ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ በተለይም በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው የተማሪ ትውልድ ወራሽ ነኝ የሚለው፣ መሬት ለተራበ ገበሬ ስለ መርካት የሚሰብክ የባለርስት መስፍን ድርሰት ነው ብሎ ይጥለዋል። እኛ ግን ሁለቱም ታሪኩን እስከ መጨረሻው አልተከተሉትም እንላለን።

ፓሆም የሚባል ገበሬ ምድጃው ላይ ጋደም ብሎ (የሩሲያ ገበሬ ምድጃ ሰው የሚያስተኛ ሰፊ ነው) መሬት ብቻ ቢኖረኝ ሰይጣንን እንኳ አልፈራም ብሎ ያስባል። ሰይጣን ከምድጃው ጀርባ ሆኖ ይሰማዋል። ከዚያ ወዲያ ፓሆም መሬት ይገዛል፣ ይጨምራል፣ ከቮልጋ ማዶ ይሻገራል፣ በመጨረሻም ከባሽኪሮች አገር ይደርሳል። የባሽኪሮቹ ዋጋ ለአንድ ቀን 1,000 ሩብል ነው፤ ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ ድረስ በእግሩ የከበበው ሁሉ የእርሱ ይሆናል፤ ወደ ተነሣበት ሳይመለስ ከመሸ ግን ገንዘቡ ቀረ። ፓሆም ከአቅሙ በላይ ከብቦ፣ በሩጫ ይመለስና ከቦታው ሲደርስ ደም ከአፉ ፈስሶ ይሞታል። የሚቀበርበትም ሦስት አርሺን፣ ማለትም ከሁለት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መሬት ነው።

ሰባኪው አንባቢ ወደዚህ መቃብር ለመድረስ ሲቸኩል የታሪኩን መጀመሪያ ይዘለዋል። ፓሆምን ለመሬት ያስጎመጀው የሰይጣን ሹክሹክታ ብቻ አልነበረም። በጎረቤት ያለች ባለርስት አንድ ጡረተኛ ወታደር ምስለኔ አድርጋ ትቀጥራለች፤ ምስለኔውም የገበሬው ፈረስ አጃዋ ውስጥ ገባ፣ ላሟ ማሳዋን ረገጠች እያለ መቀጫ በመቀጫ ያደርጋቸዋል። ፓሆም ቤቱ ገብቶ በቤተሰቡ ላይ የሚቆጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህንን ለእኛ አገር ጭሰኛ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለመሬቱ ሰፍሮ፣ በላዩም ጉልበቱን ሲገብር የኖረ ሰው፣ የራሴ መሬት ቢኖረኝ ብሎ መመኘቱን ስግብግብነት ብሎ የሚጠራ ካለ፣ ቃሉን ያለ ቦታው አውሎታል።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ሴትዮዋ መሬቷን ልትሸጥ በተነሣች ጊዜ ገበሬዎቹ በማኅበር ሊገዙት ሁለት ጊዜ ተሰበሰቡ። ሊስማሙ ግን አልቻሉም፤ ሰይጣን ለያያቸው ይለናል ቶልስቶይ፤ ከዚያም እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ለየብቻው ገዛ። ቶልስቶይ ይህንን በጥቂት ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ በእኛ አስተያየት ግን የታሪኩ መገጣጠሚያ ይህ ነው። ፓሆም የጠፋው ኋላ በባሽኪሮች ሜዳ ላይ ሲሮጥ ሳይሆን ያ ስብሰባ የተበተነ ዕለት ነው። መሬቱን ለብቻው እንደ ያዘ ምን እንደሆነ ተመልከቱ፤ ትናንት በመቀጫ ያስመረረውን ምስለኔ መሰለ። የጎረቤቶቹን ከብት መስኩ ላይ ሲያገኝ መጀመሪያ ይታገሣል፣ ኋላ ይከሳል፣ ያስቀጣል። ከመንደሩ ሰው ጋር ተቆራረጠ። ስግብግብነት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከብቸኝነት ጋር አብሮ ያድጋል።

ይህን ስንል ሥርዓቱ ከተለወጠ ልብ በራሱ ይረካል ማለታችን አይደለም፤ ቶልስቶይ በዚህ በኩል ከእኛ ትውልድ የፕሮፓጋንዳ ጽሑፎች በእጅጉ የጠለቀ ነው። ከቮልጋ ማዶ ያለው የገበሬ ማኅበር ለፓሆም ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ 10 ዴሲያቲን፣ በድምሩ 50 አድርጎ ያለ ዋጋ ይሰጠዋል። አንዱ ዴሲያቲን ከአንድ ሄክታር ጥቂት ይበልጣል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ የወሰነው ከ10 ሄክታር የማይበልጥ እንደነበር ስናስታውስ፣ ፓሆም ያገኘው በእኛ አገር ሚዛን ስንት እጥፍ እንደሆነ ይታያል። አልበቃውም። የስንዴው መሬት ማረፍ ስለሚያስፈልገው ሌላ ይከራያል፣ ኪራዩ ሲያታክተው ለመግዛት ያስባል። የእኛው አዋጅ መሸጥንና ማከራየትን በመከልከል ይህንን በር ዘጋ። ነገር ግን በሩን የዘጋው ሰው ቁልፉን በኪሱ ይዞት ሄደ።

ስለዚህም ወደ ባሽኪሮቹ አለቃ እንመለስ። በታሪኩ ውስጥ ረክተው የሚኖሩት ባሽኪሮቹ ናቸው። አያርሱም፣ የፈረስ ወተት አቡክተው ይጠጣሉ፣ ዋሽንት ይነፋሉ፣ ይስቃሉ። ቶልስቶይ ይህን ኑሮ በዓይኑ አይቶታል፤ በፈረስ ወተት ለመታከም ወደ ሳማራ እየሄደ ይቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 ደግሞ እዚያው ሳማራ ውስጥ 2,500 ዴሲያቲን መሬት ገዝቷል። ይህን የምናነሣው ግብዝ ነበር ለማለት አይደለም። የፓሆምን ጥማት ከውስጥ የጻፈው ራሱ ስለ ጠማው ነው፤ የታሪኩም ኃይል ከዚህ ይመነጫል። ሆኖም ገዢው ሲሞት አሳየን እንጂ የሻጩን መጨረሻ አላሳየንም። በእውነተኛው ታሪክ የባሽኪሮች ሰፊ መሬት በርካሽ ዋጋ እየተሸነሸነ ወደ መኳንንቱና ወደ ነጋዴው እጅ ገባ፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ ፀሐይ ስትጠልቅ ወድቀው አልሞቱም። ረክቶ የሚኖር ሕዝብ መሬቱን የሚጠብቅበት መብት ከሌለው፣ መርካቱ ለሌላው ሲሳይ ነው።

ይህንን በጋምቤላ ዓይተነዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም ይላል። በ2003 ዓ.ም. ግን ካሩቱሪ ለተባለ የህንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት፣ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ሒሳብ ተሰጠ። ኩባንያው ጥቂቱን ብቻ አልምቶ በ2008 ዓ.ም. ውሉ ተሰረዘ። ፓሆም ቢያንስ በእግሩ ሄዷል፣ ላቡን አንጠፍጥፏል፣ አካፋ ይዞ ምልክት ቆፍሯል። እዚህ ግን የተለካው በካርታ ነው፤ ቆቡን ኮረብታ ላይ አስቀምጦ የሚስቀውም አለቃ የሸጠው መስክ ላይ የሚኖር አልነበረም። በስደት ተቀምጠን በአገር ቤት የከተማ ቦታ በዘመድ እጅ የምናስለካ ሰዎችም፣ ከቦታው ላይ ማን እንደተነሣ ሳንጠይቅ የምንከፍል ከሆነ፣ ከዚህ ሥዕል ውጭ አይደለንም።

አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው «ጉዝቤሪ» በተሰኘ ታሪኩ ለቶልስቶይ መልስ ሰጥቷል። የቼኾቭ ባለታሪክ ሦስት አርሺን የሚበቃው ለሬሳ ነው እንጂ ለሕያው ሰው አይደለም የሚል ሐሳብ ያነሣል። ወንድሙ እየተራበ ገንዘብ አከማችቶ፣ ገንዘብ ያላትን ባልቴት አግብቶ፣ ትንሽ ርስት ይገዛል፤ ከዚያም ጉዝቤሪ የሚባለውን የቁጥቋጦ ፍሬ ተክሎ፣ ጎምዛዛውን እየበላ ጣፈጠኝ ይላል። ፍጹም ረክቷል። ቼኾቭን የሚያስፈራው ይህ እርካታ ነው። እኛም አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንላለን፤ ኑሮ ካሉት መቃብር ይሞቃልም እንላለን። ሁለቱም ተረቶች በትክክል የሚያሙት መርካትን ሳይሆን መልመድን ነው። በቼኾቭና በቶልስቶይ መካከል ፍረዱ ብንባል ግን ለቼኾቭ ሙሉ በሙሉ አንፈርድም። ለሰው ዓለም በሙሉ ያስፈልገዋል ማለት ለመንፈስ ሲነገር ያምራል፤ ለመሬት ሲነገር ግን የፓሆምን ጫማ ማጥለቅ ይሆናል። «ይበቃኛል» የሚለው ቃል ክብር አለው፤ ክብሩም የሚመጣው ተናጋሪው «አይበቃኝም» ለማለትም ነጻ ሲሆን፣ ወሰኑንም ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ሲያሰምር ነው። ያ የተበተነው የገበሬዎች ስብሰባ ሊወስነው ይችል የነበረው ይህንኑ ነበር።

አንድ ነገር ይቀራል። በታሪኩ መጨረሻ አካፋውን አንሥቶ መቃብሩን የሚቆፍረው የፓሆም አገልጋይ ነው። ከጌታው ጋር ያን ሁሉ መንገድ መጥቷል፣ ስጦታውንና ሻዩን ተሸክሟል፣ ሬሳውን ለክቶ አፈር አልብሷል። ቶልስቶይ ስሙን አልነገረንም። የራሱ መሬት ይኑረው አይኑረው፣ ስንት ቢያገኝ እንደሚበቃው፣ ማንም አልጠየቀውም።