ውድነትን ስለ መመኘት

እዚህ አሜሪካ ከሚኖሩ ወዳጆቼ አንዱ «ገንዘብህን በእህል ላይ አውለው» ሲል መከረኝ። የምክሩም መሠረት አጭር ነበር፤ ሰው ልብስ ሳይለውጥ ይከርማል፣ ሳይበላ ግን አይከርምም፤ ስለዚህ ሩዝና ስንዴ የያዘ አይከስርም የሚል ነው። ምክሩን ተቀበልሁ። ይህ የሆነው በመጋቢት 2022 ነው (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)፤ ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች ሁለት ሳምንት አልሞላም ነበር። ዛሬ ያንን ምክር ልተች ብዕር ሳነሣ እኔም ከተተቺው ወገን መሆኔን አልሸሽግም።

ኢ.ቲ.ኤፍ. የሚሉት የብዙ ሰዎች ገንዘብ ባንድነት ተከማችቶ፣ ድርሻው እንደ ማናቸውም አክሲዮን በገበያ የሚሸጥበት ፈንድ ነው። የእህሉ ፈንድ ግን ጎተራ የለውም። የሚይዘው ውል ነው፤ ይኸውም በቺካጎ ገበያ «በእገሌ ወር ይህን ያህል ስንዴ በዚህ ዋጋ እረከባለሁ» የሚል ነው። የመረከቢያው ወር ሳይደርስ ያንን ይሸጥና የሩቁን ወር ይገዛል። የሩቁ ወር ዋጋ ከቅርቡ የበለጠ እንደ ሆነ፣ በውድ የተገዛው ውል ቀኑ በቀረበ ቁጥር ወደ ታች እየተሳበ፣ የእህል ዋጋ ባለበት ቢቆም እንኳ የባለ ድርሻው ገንዘብ ይሸራረፋል። ወዳጄ ይህን አልነገረኝም፤ ቢነግረኝም አልሰማውም ነበር። በዚያ ሰሞን የገዢው ብዛት ከመጠን አልፎ፣ አንዱ የስንዴ ፈንድ የሚሸጠው አዲስ ድርሻ እስከ ማጣት ደርሶ ነበር። የጥንቱ እህል አከማች እንኳ ነቀዝ ይፈራ ነበር፤ እኛ የምንፈራው ነቀዝም አልነበረንም።

ስለ ሩዝ የተናገረውም ችኩል ነው። ከዓለም ሩዝ የሚበዛው በበቀለበት አገር ይበላል፤ ድንበር ተሻግሮ የሚሸጠው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ነው። ገበያው እንዲህ ቀጭን ስለ ሆነ በትንሽ ፍርሃት ይናወጣል። በ2007 መጨረሻ ህንድ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፤ ቬትናምም ሽያጯን ገደበች፤ ፊሊፒንስ ባገኘችው ዋጋ ለመግዛት ተሽቀዳደመች፤ ቤተ ሰብም በየቤቱ ያከማች ጀመር። በ2008 መጀመሪያ ቶኑ 400 ዶላር ያህል የነበረው የታይላንድ ሩዝ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 1000 ዶላር ተጠጋ። መልሶ ማውረድ ከጀመሩት ነገሮች አንዱ ደግሞ ወሬ ነበር፤ ጃፓን በመጋዘኗ ያለውን ሩዝ ለፊሊፒንስ ልትለቅ ነው ቢባል፣ ገና አንድ ከረጢት ሳይጫን ዋጋው ማሽቆልቆል ያዘ። ይህን የሚያውቅ ሰው «ሩዝ የያዘ አይከስርም» አይልም።

ወዳጄ ሁለተኛ መከራከሪያ አለው፤ «ገንዘባችን ማንንም አይጎዳም» ይላል። እውነት ነው፣ ውሉ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ገበሬና ወፍጮ ቤት ዋጋቸውን አስቀድመው ይቆርጡበታል። ስለ ፈንዶቹ ግን አዋቂዎቹ አልተስማሙም። ማይክል ማስተርስ የተባለ የገንዘብ ሥራ አስኪያጅ በግንቦት 2008 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ፣ ዋጋውን ያስወደደው በዚህ መንገድ የጐረፈው ገንዘብ ነው ሲል መሰከረ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ስኮት አርዊን ደግሞ ማስረጃው ይህን አያሳይም ሲል ተከራከረ። ለእኔ የአርዊን ክርክር ይበልጥ የጠነከረ ይመስለኛል፤ የሩዙም ታሪክ ያግዘዋል።

ነገር ግን አንድ ማክሰኞ ማለዳ የድርሻዬ ዋጋ ከፍ ማለቱን አይቼ ደስ ብሎኝ ሳለ፣ ታናሽ እኅቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። «ጋሼ፣ ዘይቱማ አይቀመስ ሆነ፤ ዳቦውም ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ነው» አለችኝ። አይዞሽ፣ እልክልሻለሁ አልኋት፤ ላክሁም። ስልኩን ካስቀመጥሁ በኋላ ግን ዓይኔ ተመልሶ ወደዚያው ቁጥር ሄደ፤ ነገም እንዲጨምር እመኝ ነበር። ዳቦውን እኔ አላስወደድሁትም፤ አርዊን ይመሰክርልኛል። ውድነቱን ግን ተመኝቻለሁ፤ ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ ሊቅ የለም።

የቺካጎ ስንዴ በዚያው መጋቢት ጫፍ ደርሶ በሐምሌ ከጦርነቱ በፊት ወደ ነበረበት ተመለሰ። ድርሻዬን በኪሳራ ሸጥሁ። እኅቴን ስደውልላት ስንዴ ረከሰ እኮ አልኋት፤ «የት ነው የረከሰው?» አለችኝ።