አማርኛ ለውጭ አገር ተማሪዎችና የመዝገበ ቃላቱ ጉድለት

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በናፖሊ የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም አማርኛ ያስተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በሮማ በጣልያንኛ ያሳተመው ሰዋስው በርእሱ ላይ የማስተማሪያ ዘዴ መሆኑን ይገልጻል። በ1908 እዚያው ሮማ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ ያወጣው፣ እኛ «ጦቢያ» የምንለው መጽሐፍ ደግሞ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ሰውየው በኋላ በፖለቲካ የያዘው አቋም ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ሰዋስዉም ልብ ወለዱም ከአንድ መምህር እጅ የወጡ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ከዚያ ወዲህ ሰዋስው ርቆ ሄዷል፤ የማርሴል ኮሄንና የቮልፍ ሌስላው ሥራዎች ምስክር ናቸው። ልብ ወለዱም አድጓል። በሁለቱ መካከል ተማሪውን የሚያሻግር መዝገበ ቃላት ግን አልተዘጋጀለትም። በእጁ የሚገኙት የሌስላው (1976) እና የቶማስ ኬን (1990) መዝገበ ቃላት ፍቺውን የሚሰጡት በእንግሊዝኛ፣ ንባቡን የሚያሳዩት በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ «አለ» ወይም «ገና» ጠብቆ ይነበብ ላልቶ ለማወቅ የሚሻ ተማሪ ከፊደላችን መውጣት ግድ ይሆንበታል። እኛ ከዐውዱ እንለየዋለን፤ እሱ የመጣው ግን ያንኑ ዐውድ ሊማር ነው! በ1993 ዓ.ም. የታተመው «አማርኛ መዝገበ ቃላት» በበኩሉ የታሰበው ቋንቋውን ለሚያውቅ አንባቢ በመሆኑ በዚህ ሊወቀስ አይገባም።

ግሥ ሲመጣ ችግሩ ይብሳል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የከፈተ ተማሪ «ባይመጡልን» የሚል ቃል ቢያጋጥመው ፊቱንም ኋላውንም ገፎ «መጣ» ላይ መድረስ አለበት። «ስለማይሉት» ሲሆንማ ከሥሩ የሚተርፈው አንዲት «ሉ» ናትና «አለ» ብሎ መፈለግን ማን ይነግረዋል?

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። በደቡብ አዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚኖር ተማሪ ነፋስንና ስልክን ለየብቻ ቢፈታ ትርጉም አያገኝም። «ስልክ» ከዐረብኛ ሲመጣ ሽቦ ማለት ነበር፤ «የነፋስ ስልክ» ዛሬ «ገመድ አልባ» ለምንለው የቀድሞ ሰዎች ያወጡት ስያሜ ነው። ቃሉ ከአገልግሎት ወጥቶ በሰፈሩ ስም ላይ ቀርቷል። (በእኔ አስተያየት ከተተኪው ይልቅ ያምራል።) ታዲያ እንዲህ ያለውን ታሪክ መያዝ የመዝገበ ቃላት ድርሻ አይደለምን?

የሚያስፈልገው ፍቺውን በተመጠነ አማርኛ የሚሰጥ፣ ጥብቀትን በምልክት የሚያሳይ፣ እንደ «ይላል» ያሉትን ቅርጾች በየፊደላቸው አስገብቶ ወደ «አለ» የሚመራ፣ ምሳሌውንም ከታተሙ ድርሰቶች የሚወስድ መጽሐፍ ነው። ገዢው ጥቂት ነው የሚል መቃወሚያ ይቀርብ ይሆናል። ነገር ግን አፉን በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሶማልኛ የፈታና አማርኛን በትምህርት ቤት የሚማር ኢትዮጵያዊ ልጅም «ገና»ን የሚያነበው ያለ ምልክት ነው፤ ገዢው እሱም ነው። የማተሚያው ሰበብ ደግሞ ቀርቷል፤ ከፊደሉ በላይ የሚሰፍረው የጥብቀት ምልክት እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ ተካቷል።