ጎረቤቱን ሳላይ አልፈርድም

ካርቱም ሳለሁ የጡት ካንሰር ስላይድ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳስገባ አስቀድሜ የምፈልገው ካንሰሩን አልነበረም፤ ከጎኑ የተረፈውን ጤነኛ የወተት ቱቦ እንጂ። ዛሬም ልማዴ ይኸው ነው። ከጤነኛው ቱቦ ሴሎች ጥቂቶቹ የኢስትሮጅን ተቀባይ አላቸው። ማቅለሚያው በደንብ ከሠራ የእነዚህ ኒውክለስ ቡናማ ሆኖ እዚህም እዚያም ይታያል፤ የቀሩት ሰማያዊ ናቸው። ይህን ካረጋገጥኩ ካንሰሩ ሰማያዊ ብቻ ቢሆንም «ኔጌቲቭ» ብዬ እፈርማለሁ። ጤነኛውም አንድ ቡናማ ከሌለው ግን ስላይዱ ምንም አልነገረኝም፤ ምርመራው ይደገማል።

እንደ ኢስትሮጅን ያለ ሆርሞን በደም አማካይነት ሁሉም አካል ጋ ይደርሳል፤ የሚታዘዝለት ተቀባዩ ያለው ሴል ብቻ ነው። ተመራማሪው ኤልውድ ጄንሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ላይ ራዲዮአክቲቭ ኢስትሮጅን ለአይጦች ሰጥቶ ሲከታተል፣ ማህፀን ሆርሞኑን ይዞ ሲያቆይ ጡንቻ ግን ወዲያው ይለቀው ነበር። ተቀባዩ አንድ ዓይነት ብቻ መስሎ ብዙ ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1996 ስዊድን ውስጥ የያን ኦኬ ጉስታፍሶን ቡድን ከአይጥ ፕሮስቴት ሁለተኛውን አገኘ። የፊተኛው አልፋ፣ አዲሱ ቤታ ተባለ። አልፋ በጡት፣ በማህፀንና በጉበት ያይላል፤ ቤታ በፕሮስቴት፣ በአንጀትና እንቁላልን በሚከቡ ሴሎች ይበረታል። እኛ በየዕለቱ የምናቀልመው አልፋን ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ያው አልፋ በየቦታው የሚሰጠው ምላሽ መለያየቱ ነው። የጡት ካንሰር መድኃኒቱ ታሞክሲፈን ጡት ውስጥ ተቀባዩን ይዞ ኢስትሮጅንን ይከላከላል፤ ማህፀን ውስጥ ያንኑ ተቀባይ ይዞ ራሱ እንደ ኢስትሮጅን ይሠራል። በየሴሉ ተቀባዩን የሚያግዙትና የሚያፍኑት ፕሮቲኖች መጠን አንድ አይደለምና። ስለዚህ የወር አበባዋ ካቆመ በኋላ ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ደም ካየች ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋ መሄድ አለባት። አጥንቷን ግን ይኸው መድኃኒት ያጠነክርላታል።

ናሙናው በአግባቡ ካልተያዘ ይህ ሁሉ እውቀት ከንቱ ነው። ከሰውነት በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተከፍሎ ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ እዚያም ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት ይኖርበታል። ካርቱም ግን በበጋው ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ መብራት ይጠፋ ነበር፤ ናሙናውን በእጁ አንጠልጥሎ ከኦምዱርማን ድልድይ የሚሻገረው የታማሚዋ ወንድም ወይም ልጅ ነበር። የወጣበት ሰዓት ያልተጻፈበት ዕቃ ሲደርሰኝ ልቤ ይከብድ ነበር። ከካንሰሩ ሴሎች ከመቶ አንዱ እንኳ ከቀለመ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው፤ በሐሰት «ኔጌቲቭ» ማለት ከአንዲት እናት ለዓመታት የሚጠብቃትን ርካሽ ኪኒን፣ ታሞክሲፈንን፣ መንጠቅ ነው።

የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር አብዛኛው ተቀባይ የለውም ሲባል እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት ግን ከሦስት ሁለቱ ያህል የኢስትሮጅን ተቀባይ እንዳላቸው አሳይቷል። ከአህጉራችን ከወጡት «ኔጌቲቭ» ውጤቶች ቀላል የማይባሉት የናሙና አያያዝ ጉድለት ናቸው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የካርቱም የጨረርና አይሶቶፕ ማዕከል አገልግሎቱን አቆመ፤ ታማሚዎችም ወደ ወድ መዳኒና ወደ ግብፅ ተበተኑ። ዛሬ በስደት ላይ ላላችሁ እህቶችና ቤተሰቦች የምለው አለኝ። ከላብራቶሪ የተቆረጠ ስላይድ ብቻ ተቀብላችሁ አትሂዱ። ያልቀለመ ስላይድ ላይ ያለው ተቀባይ በሳምንታት ውስጥ ይደክማል፤ በሰም የተያዘው የናሙና ብሎክ ግን ለዓመታት ያቆየዋል። ብሎኩን ከነሪፖርቱ ጠይቁ፣ ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግን አትተዉት፤ ሰሙ ይቀልጣል።