«ሆደ ቡቡ ናትና ነርስ ትሁን»፦ በነርስነት ሙያ አመራረጥ ላይ የቀረበ ሂስ

ዓለም ገና የመገንጠያ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ የሚወጣው አውራ ጎዳና እዚያ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ ሲቀጥል፣ ሌላው ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ወላይታ ሶዶ ይታጠፋል። ከተማዋ ከሰበታ ጋር በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለለች ሲሆን፣ ከወጣቶቿ ብዙዎቹ በአካባቢው ፋብሪካዎች ይሠራሉ፤ ሌሎቹም ለሥራና ለትምህርት በየዕለቱ ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ የዚህች ከተማ ልጅ ደግሞ ሌላ መገንጠያ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም የሙያ ምርጫ ነው።

በዚህን ጊዜ ከቤተሰብ፣ ከጎረቤትና ከመምህራን የሚሰነዘሩት ስለ ነርስነት የሚሰጡ ምክሮች በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። አንደኛው «ልጅቱ ሆደ ቡቡ ናትና ነርስ ትሁን» የሚል ነው። ሁለተኛው «የጤና ባለሙያ ሥራ አያጣም» ይላል። ሦስተኛው «ውጤቱ ለሕክምና ካልበቃ ነርስ ይሁን» የሚል ነው። ሦስቱም በቅንነት የሚሰጡ ምክሮች መሆናቸው አይካድም። ይሁን እንጂ አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው። የመጀመሪያው ስለ ወጣቱ ጠባይ፣ ሁለተኛው ስለ ደመወዝ፣ ሦስተኛው ስለ ፈተና ውጤት ይናገራል፤ ነርስ በሥራ ላይ በዋለችበት ሰዓት ምን እንደምታደርግ ግን አንዳቸውም አይናገሩም። የዚህን ጉድለት ዋጋ በመጀመሪያ ወጣቱ፣ ቀጥሎም አልጋ ላይ የተኛው ሕመምተኛ ይከፍለዋል።

አስታማሚና ነርስ

የአማርኛ ቋንቋ አስታማሚንና ነርስን ለይቶ ያውቃል። በሀገራችን ሆስፒታሎች አስታማሚ ማለት እናት፣ ሚስት፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ነው። ምግብ ከቤት ቋጥሮ የሚያመጣው፣ ሕመምተኛውን የሚያጥበውና የሚያገላብጠው፣ የታዘዘውን መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረው፣ ሌሊቱንም ከአልጋው ሥር ወለል ላይ አንጥፎ የሚያድረው እርሱ ነው። ፍቅርና ርኅራኄ ከዚህ ሰው ይገኛል። ለነርስነት ሆደ ቡቡነት የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ከእናት የተሻለ ነርስ ባልተገኘ ነበር።

እንግዲህ ነርስ ለሕመምተኛው የምትጨምርለት ምንድን ነው? አንድ ምሳሌ መውሰድ ይበቃል። በሳል የተያዘ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ ልጁ መታመሙን ከእናቱ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ሕመሙ የሳንባ ምች መሆን አለመሆኑን ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች ዋነኛው ግን የትንፋሹ ፍጥነት ነው። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 12 ወር የሆነ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል። ይህን ለማወቅ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ያስፈልጋል። ሕፃኑ ካለቀሰ እስኪረጋጋ ጠብቆ እንደገና መቁጠር ግድ ነው። ከደጅ የሚጠብቀው ሰልፍ ረዝሟልና በግምት «38» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ልቡ የቱንም ያህል ርኅሩኅ ቢሆን፣ የሳንባ ምች ያለበትን ልጅ ወደ ቤቱ ሊመልሰው ይችላል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሕመምተኛ ተኝቷል፤ አስታማሚውም አሸልቧል። የልብ ምቱ ጥቂት ጨምሯል፤ የደም ግፊቱ ጥቂት ወርዷል። በዚያ ሰዓት ይህን የምታይ፣ ከቀደመው ልኬት ጋር የምታስተያይና ሐኪሙን የምትቀሰቅስ አንዲት ተረኛ ነርስ ብቻ ናት። ሳትለካ ያለፈውን ቁጥር ብትገለብጥ እስኪነጋ ድረስ የሚያውቅባት የለም። መድኃኒቱ ለታዘዘለት ሰው፣ በታዘዘው መጠን፣ መንገድና ሰዓት መሰጠቱም የሚወሰነው ማንም በማያይበት ቦታ በሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ሳይመዘገብ የቀረውን የሚቀጥለው ተረኛ አያውቀውም።

ይህ ማለት ርኅራኄ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ነገር ግን በነርስ ዘንድ ርኅራኄ በእንባ ሳይሆን በልክነት ይገለጻል። እንዲያውም በቶሎ የሚረበሽ ልብ እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሚያለቅስ ሕፃን የደም ሥር ፈልጎ መርፌ መውጋት፣ የተመረዘ ቁስልን እያመመም ቢሆን አጥርቶ ማጠብ፣ የሞተን ሰው አስከሬን ገንዞ ወዲያው ወደሚቀጥለው አልጋ መሄድ የሥራው አካል ነው። ለአዛኝ ወጣት ሊነገረው የሚገባውም ይኸው ነው።

የሙያው ታሪክ ራሱ በዚህ ረገድ ሳይዛባ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1820 የተወለደችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል ስትዘዋወር የሚያሳየው ሥዕል በዓለም ታውቋል። ይህችው ሴት የሟቾችን ቁጥርና ምክንያት በሰንጠረዥና በሥዕላዊ መግለጫ ያቀረበች የስታቲስቲክስ አዋቂ መሆኗ፣ ስለ ነርስነት በጻፈችው መጽሐፍም ለአየር፣ ለብርሃን፣ ለንጽሕናና ሕመምተኛን አስተውሎ ለመመልከት ትልቅ ቦታ መስጠቷ ግን እምብዛም አይነገርም። በስሟ የሚጠራው የነርሶች ቃለ መሐላ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ የተዘጋጀ እንጂ የእርሷ አይደለም። ትውልድ ፋኖሱን ይዞ ቁጥሩን ረሳው።

ለዓለም ገና ነዋሪ ከዚህ የቀረበ አስረጂ አለ። በአየር ጤና በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው በዘነበ ወርቅ የሚገኘውን የአለርት ሆስፒታል ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሕክምና፣ ተሐድሶና ለባለሙያዎች ሥልጠና የተቋቋመ ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ እግር ሕመም መስማት ያቆማል፤ ሕመምተኛው ሚስማር ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው አያውቅም። ስለዚህ እግሩ ያጣውን ስሜት ዓይን ሊተካለት ያስፈልጋል። በየዕለቱ መመልከት፣ በውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ ሕመምተኛውም ራሱ እንዲያደርገው ማስተማር የነርስ ሥራ ሆነ። ለእነዚህ ሕሙማን የሚያዝንና የሚመጸውት ሰው ለዘመናት አልታጣም ነበር። እግራቸውን ያተረፈው ግን መድኃኒቱና በየዕለቱ የተደረገው ምልከታ ነው።

የትርፍ ምርጫ አይደለም

ነርስነትን ለሕክምና ትምህርት ውጤት ላልመጣለት ሰው የተተወ ማረፊያ አድርጎ የሚመለከተው ምክር ደግሞ በሀገራችን የሙያው ታሪክ ይረታል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ፣ ቤተሰቧ በፋሺስት ወረራ ምክንያት በስደት በእንግሊዝ ሳለ፣ በለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1939 ፈጽማለች፤ ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ሥልጠናዋን ቀጥላለች። ሀገር ነፃ ከወጣች በኋላ ተመልሳ፣ ገና በ22 ዓመቷ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት አረፈች። በስሟ የታነጸው መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፍቶ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል በመባል ይታወቃል።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ልዕልቲቱ ዝቅ ብላ ሕሙማንን ማገልገሏን ለማድነቅ ነው። ይህ አነጋገር ግን ሥራው ዝቅተኛ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ሳያውቀው ያጸናል። ከታሪኩ መወሰድ ያለበት ቁም ነገር ሌላ ነው። የንጉሥ ልጅነት ያለ ሥልጠና የምስክር ወረቀት አላስገኘላትም። እንደ ማንኛዋም ተማሪ ዓመታት የፈጀውን ትምህርትና የዋርድ ልምምድ ማለፍ ነበረባት።

በትርፍ ምርጫነት ወደ ሙያው የገባ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሐኪም ሳይሆን እንደቀረ እየቆጠረ ይኖራል። ይህ ስሜት በአጠራር ላይ ሳይቀር ይታያል። በየሆስፒታሉ ወንዱ ነርስ «ዶክተር»፣ ሴቷ ሐኪም ደግሞ «ሲስተር» ተብለው ሲጠሩ መስማት የተለመደ ነው። ሙያውን ወድዶ የያዘ ወንድ ሳያፍር «ነርስ ነኝ» ብሎ ያርማል። ሥራው የሴት ብቻ ነው የሚለውም አባባል በሀገራችን መሠረት የለውም። ቀድሞ በየጤና ጣቢያው ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ የኖሩት ድሬሰሮች በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ፤ ዛሬም የወንድ ነርሶች ቁጥር ጥቂት አይደለም።

«ሥራ አያጣም» የሚለው ተስፋ

ይህ ምክር አንድ ወቅት እውነትነት ነበረው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የጤና ጣቢያዎች ግንባታ ሲስፋፋና የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር የጤና ባለሙያ በብርቱ ይፈለግ ነበር፤ የግል ኮሌጆችም በዚሁ ዘመን ተበራከቱ። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሙያ ፈቃድ የብቃት ምዘና፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ተግባራዊ ሆኗል። እነዚህን አልፈውም የቅጥር ማስታወቂያ የሚጠባበቁ ተመራቂዎች አሉ።

ለብዙዎች ግራ የሚያጋባው፣ ነርስ ጎደለ በሚባልበት ዓለም ነርስ ሥራ ማጣቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2023 በዓለም 29.8 ሚሊዮን ነርሶች የነበሩ ሲሆን፣ ጉድለቱ 5.8 ሚሊዮን ነው። ይሁንና ሕዝብ የሚያስፈልገው የነርስ ብዛትና መንግሥት ወይም የግል ተቋም ደመወዝ የሚመድብለት የሥራ መደብ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰፊ፣ ሁለተኛው ጠባብ በመሆኑ ጉድለትና ሥራ ፈትነት ጎን ለጎን ይኖራሉ። የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄም በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም በደረሱበት ወቅት በአደባባይ ወጥቷል። ምርጫ ላይ ያለ ወጣት ይህንንም ሳይሸሸግ ሊሰማ ይገባዋል።

ወደ ውጭ ሀገር የመሄድ ተስፋም እንዲሁ መመርመር አለበት። አሜሪካ «ኤንክሌክስ» የተባለውን የፈቃድ ፈተና ትጠይቃለች፤ እንግሊዝም የጽሑፍና የተግባር ፈተና አላት፤ የቋንቋ ችሎታም ይመዘናል። በመሆኑም ለመውጣት ብቻ ብሎ ነርስ የሚሆን ሰው በመጀመሪያ ጥሩ ነርስ መሆን ይኖርበታል። ሙያውን ካልወደደው አቋራጭ የመሰለው መንገድ ረጅም ይሆንበታል።

እንዴት ይወሰን?

የምርጫው ሥርዓት ትልቁ ድክመት ወጣቱ ያላየውን ሥራ እንዲመርጥ ማስገደዱ ነው። በዩኒቨርሲቲ በውጤትና በፍላጎት ቅደም ተከተል ይመደባል፤ በግል ኮሌጅ ደግሞ ክፍያ ፈጽሞ ይመዘገባል። የሕሙማን ክፍልን ለመጀመሪያ ጊዜ በውል የሚያየው ለተግባር ልምምድ ሲላክ፣ ማለትም ወላጆቹ ብዙ ካወጡ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ «አይሆነኝም» ማለት ስለሚከብደው ይቀጥላል፤ ይመረቃልም። እንዲህ ያለው ነርስ ሳይለካ ቢጽፍ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነው ማለት ያዳግታል።

መድኃኒቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአቅራቢያቸው ካሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ጋር ተስማምተው፣ የሕሙማን ምስጢርና ክብር ተጠብቆ፣ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች ለጥቂት ቀናት ሥራውን እንዲመለከቱ ማድረግ ይችላሉ። ኮሌጆችም ክፍያ ከመቀበላቸው በፊት አመልካቹን ወደ ዋርድ ቢወስዱት ከማስታወቂያ ሰሌዳ የበለጠ እውነት ይነግሩታል።

ወጣቱም በበኩሉ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ለሰው አዝናለሁ ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም። አንድን ነገር በቀን ሃያ ጊዜ ደጋግሞ፣ ሃያኛውንም እንደ መጀመሪያው በጥንቃቄ ማድረግ ይችላል ወይ? ሲሳሳት ሳይደብቅ ይናገራል ወይ? የታዘዘው መድኃኒት ልክ ካልመሰለው ከእርሱ በላይ ለሆነ ሰው በአክብሮት ይጠይቃል ወይ? የሌሊት ተራን፣ የመርፌ ጥፍጥፍ አደጋን፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ ሀገራችን ሲገባ እንደታየው ያለውን ስጋት አውቆ ይቀበላል ወይ? በዓለም ገና የሚያገለግል ከሆነም ከአፋን ኦሮሞ ተናጋሪው ገበሬና ከአማርኛ ተናጋሪዋ የፋብሪካ ሠራተኛ ጋር መግባባት አለበት፤ ሕመም የሚነገረው በእናት ቋንቋ ነውና። እነዚህን ጥያቄዎች ከአሥር ዓመት በላይ ለሠራች ነርስ አቅርቦ መልሷን መስማት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሥራውን አይቶ «ይህ ለእኔ አይሆንም» የሚል ወጣት እንደ ሰነፍ ወይም እንደ ጨካኝ ሊታይ አይገባውም። ለራሱም፣ ለማያውቀው ሕመምተኛም ትልቅ ነገር አድርጓል። አይቶ «ይሆነኛል» ያለው ደግሞ እሺ ያለው ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ማንም በማያይበት፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ለመቁጠር ነው።